ትልቅ ቁጥርን መበርበር፦ 4,606,056ን ይዘን ደረጃ በደረጃ

ትልቅ ቁጥር ሲሰጠን የብዙዎቻችን እጅ ቀጥታ ወደ ካልኩሌተር ይሄዳል። ለ3 እናካፍለው፣ ለ7 እንሞክረው፣ ለ13ስ እያልን በግምት እንዳክራለን። መልሱ ሊገኝ ይችላል፤ ቁጥሩን ግን አላወቅነውም። እዚህ የማሳያችሁ መንገድ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። ካልኩሌተሩን ለማረጋገጫ አቆዩት።

መመሪያው በሙሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ቁጥሩን መጀመሪያ ወደ ብቸኛ ቁጥሮች በትኑት። ስንት አካፋይ እንዳለው፣ የአካፋዮቹ ድምር ስንት እንደሆነ፣ የአንድ ሙሉ ቁጥር ስኩዌር መሆን አለመሆኑ፣ 1ን ለእሱ ስናካፍል አሃዞቹ በየስንቱ እንደሚደጋገሙ፣ ይህ ሁሉ ከብተናው ላይ በቀጥታ ይነበባል። ድካሙ መጀመሪያ ላይ ነው። ኋላ የሚመጣው ቀላል ማባዛት ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ይቀጥላል። ከ1 የሚበልጡት ሌሎቹ ውሁድ ናቸው። እያንዳንዱ ውሁድ ቁጥር ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው። ቅደም ተከተሉን ካልቆጠርን ደግሞ አበታተኑ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ጀምረው ቢሠሩም መጨረሻ ላይ የሚያገኟቸው ብቸኛ ቁጥሮች እነዚያው ናቸው። ከታች የምንሠራው ሁሉ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

የምንሠራበት ቁጥር 4,606,056 ነው። ሲያዩት ምንም የተለየ ነገር ያለው አይመስልም። ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ አጥሩን አስምሩ

ከማካፈላችሁ በፊት የቁጥሩን ስኩዌር ሩት በግምት አውጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ቁጥር ውሁድ ከሆነ፣ ቢያንስ አንዱ ብቸኛ አካፋዩ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። ሁለቱም ቢበልጡ ኖሮ ሲባዙ ከቁጥሩ ያልፉ ነበር።

2,100 በራሱ ሲባዛ 4,410,000 ነው። ያንሳል። 2,150 በራሱ ሲባዛ 4,622,500 ነው። ትንሽ ያልፋል። ጠበብ እያደረጋችሁ ስትሄዱ 2,146² = 4,605,316 እና 2,147² = 4,609,609 ላይ ትደርሳላችሁ። ቁጥራችን በሁለቱ መሃል ነው። ስለዚህ አንድ መልስ ገና ከአሁኑ አገኘን፦ የማንም ሙሉ ቁጥር ስኩዌር አይደለም። ፍለጋችንም ከ2,146 አያልፍም። አካፋይ ባገኛችሁ ቁጥር የሚቀረው ቁጥር ስለሚያንስ ይህ አጥር እየቀረበ ይመጣል። በየመሃሉ እንደገና አስሉት።

ደረጃ 2፦ ጭራውን እዩ

የመጨረሻው አሃዝ 6 ስለሆነ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው። በ5 ግን አይካፈልም፤ ለዚያ በ0 ወይም በ5 ማለቅ ነበረበት።

በ2 ስንት ጊዜ እንደሚካፈል ለማወቅ ደጋግሞ ማካፈል አያስፈልግም። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ4 ከተካፈሉ ሙሉው ቁጥር በ4 ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ ሦስት በ8፣ የመጨረሻዎቹ አራት በ16። እዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስት 056 ናቸው። 56 ደግሞ 7 ጊዜ 8 ነው፤ በ8 ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ አራት 6,056 ናቸው። 16 × 378 = 6,048 ነው፤ 8 ይተርፋል። ስለዚህ በ16 አይካፈልም። በቃ፣ የ2 ድርሻ 2³ ነው። ከዚህ ወዲያ 2ን መሞከር የለም።

ደረጃ 3፦ አሃዞቹን ደምሩ

4 + 6 + 0 + 6 + 0 + 5 + 6 = 27። የአሃዞቹ ድምር በ3 ከተካፈለ ቁጥሩም በ3 ይካፈላል። በ9 ከተካፈለም እንዲሁ። 27 በ9 ይካፈላል፤ ስለዚህ ቁጥራችን በ9 ይካፈላል።

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ድምሩ 27 ስለሆነ «በ27ም ይካፈላል» ማለት ያጓጓል። ልክ አይደለም። ደንቡ የሚሠራው ለ3 እና ለ9 ብቻ ነው። የሚሠራውም 10፣ 100፣ 1,000 ለ9 ሲካፈሉ ሁሉም 1 ስለሚተርፋቸው ነው። ለ27 ስናካፍላቸው ግን 10 ራሱ 10 ይተርፈዋል፣ 100 ደግሞ 19 ይተርፈዋል። ደንቡ እዚያ ላይ ይሰበራል። የእኛን ቁጥር ለ9 ብናካፍለው 511,784 ይሆናል። አሃዞቹ ሲደመሩ 26 ናቸው። በ3 አይካፈልም። የ3 ድርሻ 3² ላይ አበቃ።

ደረጃ 4፦ በሦስት በሦስት ቁረጡት

እኔ በጣም የምወደው ደረጃ ይህ ነው። በአንድ ጊዜ አራት ብቸኛ ቁጥሮችን ይፈትሻል። ሆኖም ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ በሦስት በሦስት አሃዝ ክፈሉት፦ 4 | 606 | 056። አሁን ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ፣ ቀጣዩን ደምሩ፦

56 − 606 + 4 = −546

የመቀነስ ምልክቱን ተዉት። 546 በ7 ይካፈላል? 7 × 78 = 546። አዎ። በ13? 13 × 42 = 546። አዎ። በ11? 11 × 49 = 539፣ 7 ይተርፋል። አይካፈልም። ስለዚህ 4,606,056 በ7 እና በ13 ይካፈላል፣ በ11 አይካፈልም። ሰባት አሃዝ ያለውን ቁጥር ወደ ሦስት አሃዝ አወረድነውና ሦስቱንም በአንዴ ፈተሽን።

የዚህ ምስጢር 1,001 ነው። 7 × 11 × 13 = 1,001። 1,000 ከ1,001 በ1 ስለሚያንስ፣ ለእነዚህ ለሦስቱ ስናካፍል 1,000 ልክ እንደ −1 ይቆጠራል። አንድ ሚሊዮን ደግሞ 1,000 በ1,000 ስለሆነ እንደ +1 ይቆጠራል። ምልክቱ የሚቀያየረው ለዚህ ነው።

አሁን እነዚያኑ ሦስት ክፍሎች ምልክት ሳትቀያይሩ ደምሯቸው፦

56 + 606 + 4 = 666

ይህኛው የሚሠራው ለ37 ነው። 999 = 27 × 37 ስለሆነ፣ ለ37 ስናካፍል 1,000 እንደ 1 ይቆጠራል። 666 = 18 × 37። ስለዚህ ቁጥራችን በ37 ይካፈላል። በዚያው ለ27 ሲፈተሽ፣ 27 × 24 = 648 ነውና 18 ይተርፋል። ቅድም በ27 አይካፈልም ያልነው በሌላ መንገድ ተረጋገጠ። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ መልስ ሲሰጡ ስህተት የመግባቱ ዕድል በጣም ይቀንሳል። በተቻለ መጠን እንዲህ አድርጉ።

ለ11 የተለመደው ዘዴ አሃዞቹን ከቀኝ አንድ በአንድ መደመርና መቀነስ ነው፦ 6 − 5 + 0 − 6 + 0 − 6 + 4 = −7። በ11 አይካፈልም፤ ይህም ከላይ ካገኘነው ጋር ይገጥማል። ለ101 ደግሞ በሁለት በሁለት ቆርጣችሁ ምልክት ቀያይሩ፦ 56 − 60 + 60 − 4 = 52። አይካፈልም።

ደረጃ 5፦ አሁን አካፍሉ

እስካሁን ማካፈል ማለት ይቻላል አልነካንም። ግን 2³፣ 3²፣ 7፣ 13 እና 37 በእጃችን ናቸው። አሁን አንድ በአንድ አውጧቸው።

4,606,056 ÷ 8 = 575,757
575,757 ÷ 9 = 63,973
63,973 ÷ 7 = 9,139
9,139 ÷ 13 = 703
703 ÷ 37 = 19

19 ብቸኛ ቁጥር ነው። አለቀ። በየደረጃው ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ አንድ አካፋይ ካወጣችሁ በኋላ ያው አካፋይ ድጋሚ እንደማይገባ ፈትሹ። 9,139 ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። 703 ለ13 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 19 ከ37 ያንሳል። ስለዚህ 7፣ 13 እና 37 አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ።

የ37ን ዘዴ ባታውቁ ኖሮስ? 703 ላይ ደርሳችሁ ትቆሙ ነበር። ያኔ አጥሩን እንደገና አስሉ። የ703 ስኩዌር ሩት ከ26 ትንሽ ይበልጣል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ስለወደቁ የሚቀሩት 17፣ 19 እና 23 ብቻ ናቸው። 17 × 41 = 697፣ 6 ይተርፋል። 19 × 37 = 703። ያው ቦታ ደረሳችሁ። ከ2,146 የጀመረው አጥር ወደ 26 ሲወርድ ሥራው ምን ያህል እንደሚቀል እዩ።

ውጤቱ ይህ ነው፦

4,606,056 = 2³ × 3² × 7 × 13 × 19 × 37

ከዚህ ሳንወጣ ወደ መጀመሪያው መስመር ልመልሳችሁ። 575,757ን ልብ ብላችሁታል? 57፣ 57፣ 57። ይህ በአጋጣሚ የተደረደረ አሃዝ አይደለም። 57 × 10,101 ነው። ምክንያቱም 10,101 ማለት 10,000 + 100 + 1 ነው፤ ማንኛውም ባለሁለት አሃዝ ቁጥር በእሱ ሲባዛ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይጻፋል። 10,101 ደግሞ 3 × 7 × 13 × 37 ነው። 57 = 3 × 19። በሁለት መስመር ሁሉም ወጣ። ይህን ያየ ሰው ደረጃ 4ን ሳይነካ እዚህ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማካፈል በኋላ የቀረውን ቁጥር ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። 10,101፣ 1,001፣ 111 እና 101 የመሳሰሉ ቁጥሮች በተደጋገሙ አሃዞች ውስጥ ይገኛሉ። 111 = 3 × 37 መሆኑን በቃል ብትይዙት ብዙ ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 6፦ ከብተናው ላይ አንብቡ

አሁን ፍሬውን እንሰብስብ።

የአካፋዮች ብዛት። አንድ አካፋይ ስንሠራ ከ2 ምንም፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት መውሰድ እንችላለን፤ 4 ምርጫ ነው። ከ3 ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት፤ 3 ምርጫ። ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው መውሰድ ወይም መተው፤ 2 ምርጫ። ባጭሩ እያንዳንዱ አርቢ (በ2³ ላይ ከፍ ብሎ እንደተጻፈው 3 ያለው ቁጥር፤ ካልተጻፈ 1 ነው) ላይ 1 ደምሩና አባዙ፦

4 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 192

192 አካፋዮች ማለት ቁጥሩን ሁለት ሙሉ ቁጥሮች አባዝተን የምናገኝባቸው 96 ጥንዶች አሉ ማለት ነው። ከ96ቱ ውስጥ እርስ በርሳቸው በጣም የሚቀራረቡት 2,109 እና 2,184 ናቸው። የመጀመሪያው 3 × 19 × 37 ነው፣ ሁለተኛው 2³ × 3 × 7 × 13። ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ ግራና ቀኝ ናቸው። 4,606,056 ነጥቦችን በረድፍና በአምድ ደርድሩ ብትባሉ ለካሬ የሚቀርበው ቅርጽ ይህ ነው።

የአካፋዮች ድምር። ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ከ1 ጀምሮ እስከ ሙሉ ድርሻው ያሉትን ደምሩ፣ ከዚያ አባዙ፦

(1 + 2 + 4 + 8) × (1 + 3 + 9) × (1 + 7) × (1 + 13) × (1 + 19) × (1 + 37)
= 15 × 13 × 8 × 14 × 20 × 38 = 16,598,400

ይህ ቁጥሩን ራሱንም ይጨምራል። ራሱን ስንቀንስ 11,992,344 ይቀራል። ከራሱ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አካፋዮቹ ሲደመሩ ከራሱ የሚበልጡበት ቁጥር ትርፍ ይባላል። የሚያንሱበት ጎደሎ፣ ልክ እኩል የሚሆኑበት ደግሞ ፍጹም ይባላል። 6፣ 28፣ 496 እና 8,128 የመጀመሪያዎቹ አራት ፍጹም ቁጥሮች ናቸው። በ28 ላይ ሞክሩት፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28።

የማይነካኩ ቁጥሮች። ከ1 እስከ 4,606,056 ካሉት ውስጥ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ከአርቢው ላይ 1 ቀንሱ፣ የሚወጣውን በ«ብቸኛው ቁጥር ሲቀነስ 1» አባዙ። ለ2³፦ 2² × 1 = 4 × 1 = 4። ለ3²፦ 3 × 2 = 6። ለሌሎቹ 6፣ 12፣ 18፣ 36። ሲባዙ፦

4 × 6 × 6 × 12 × 18 × 36 = 1,119,744

ከሩብ ትንሽ ያንሳል። ይህ ስሌት የሒሳብ ሊቁ የኦይለር ነው። የኢንተርኔት ምስጠራ ከቆመባቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው፤ አርኤስኤ የሚባለው ዘዴ ቁልፉን የሚሠራው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

ስኩዌር። አንድ ቁጥር ስኩዌር የሚሆነው ሁሉም አርቢዎቹ ተጋማሽ ሲሆኑ ብቻ ነው። እዚህ የ2 አርቢ 3 ነው፣ የ7፣ የ13፣ የ19 እና የ37 አርቢ 1 ነው። የጎደለውን ሙሉ፦ 2 × 7 × 13 × 19 × 37 = 127,946። ቁጥራችንን በዚህ ብታባዙት የ767,676 ስኩዌር ይሆናል። 76፣ 76፣ 76። ያ 10,101 እንደገና ብቅ አለ።

የሁለት ስኩዌሮች ድምር መሆን ይችላል? ለ4 ሲካፈሉ 3 የሚተርፋቸውን ብቸኛ አካፋዮች እዩ። 3፣ 7 እና 19 ናቸው። እንዲቻል የእነዚህ አርቢዎች ሁሉ ተጋማሽ መሆን አለባቸው። የ3 ተጋማሽ ነው፤ የ7 እና የ19 አይደለም። ስለዚህ አይቻልም። በአራት ስኩዌሮች ድምር ግን ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ይጻፋል፤ ይህን የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ በ1770 አረጋግጧል።

የሚደጋገመው ቁጥር። 1ን ለ4,606,056 ብናካፍል ከነጥቡ በኋላ ያሉት አሃዞች በየስንቱ ይደጋገማሉ? ካልኩሌተር እዚህ አይረዳችሁም፤ ስክሪኑ አይበቃም። ብተናው ግን ይነግራችኋል። መጀመሪያ ከ2 እና ከ5 አርቢዎች ትልቁን ውሰዱ፤ 3 ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ 3 አሃዞች ከድግግሞሹ ውጭ ናቸው። ከዚያ ለቀሩት፣ 10 ስንት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1 እንደሚተርፍ ፈልጉ። ለ9 አንድ ጊዜ፣ ለ37 ሦስት፣ ለ7 ስድስት፣ ለ13 ስድስት፣ ለ19 አሥራ ስምንት። የሁሉም ትንሹ የጋራ ብዜት 18 ነው። ውጤቱ እንዲህ ይጻፋል፦

0.000 000217105480263375 000217105480263375 …

መጀመሪያ ሦስት ዜሮዎች፣ ከዚያ 18 አሃዝ ያለው ያው ቁጥር ያለማቋረጥ።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩ እምቢ ሲል

ሁሉም ቁጥር እንዲህ በእጅ የሚገባ አይደለም። 1,022,117ን ውሰዱ። ተጋማሽ አይደለም። የአሃዞቹ ድምር 14 ነው፤ በ3 አይካፈልም። በሦስት በሦስት ሲቆረጥ 117 − 22 + 1 = 96 ይሰጣል፤ 7፣ 11 እና 13 ወደቁ። 117 + 22 + 1 = 140፤ 37ም ወደቀ። ስኩዌር ሩቱ ወደ 1,011 ይጠጋል። ከ1,000 በታች 168 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። አንድ በአንድ ብትሞክሯቸው አንዳቸውም አይገቡም።

እዚህ የሒሳብ ሊቁን የፌርማን ዘዴ ተጠቀሙ። ኢተጋማሽ የሆነ ውሁድ ቁጥር ሁሉ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ ይጻፋል። የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ደግሞ ወዲያው ይበተናል፦ ሲቀናነሱ አንዱ አካፋይ፣ ሲደመሩ ሌላው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከስኩዌር ሩቱ ቀጥሎ ያለውን ሙሉ ቁጥር ውሰዱ። በራሱ አባዙት። ከውጤቱ ቁጥራችሁን ቀንሱ። የቀረው ስኩዌር ከሆነ ጨረሳችሁ። ካልሆነ 1 ጨምራችሁ ድገሙ።

1,011² = 1,022,121። 1,022,117 ሲቀነስበት 4 ይቀራል። 4 የ2 ስኩዌር ነው። ስለዚህ 1,011 − 2 = 1,009 እና 1,011 + 2 = 1,013። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። 168 ማካፈል የፈጀው ነገር በአንድ መቀነስ አለቀ።

ሁልጊዜ በመጀመሪያው አይገኝም። 5,141ን እዩ። ስኩዌር ሩቱ ከ71 ይበልጣል፤ ከ72 ጀምሩ። 72² − 5,141 = 43። 73² ላይ 188። 74² ላይ 335። 75² ላይ 484፣ እሱም የ22 ስኩዌር ነው። 75 − 22 = 53፣ 75 + 22 = 97። በመሃል ያሉትን ለመጣል ስኩዌር ሩት ማስላት አያስፈልግም። ስኩዌር በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 አያልቅም፤ 43 እና 188 በዚያ ወደቁ። በ5 የሚያልቅ ስኩዌር ደግሞ ሁልጊዜ በ25 ነው የሚያልቀው፤ 335 በዚያ ወደቀ።

ዘዴው ፈጣን የሚሆነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው። ሲራራቁ ከተራ ማካፈል ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንንሾቹን ብቸኛ ቁጥሮች አስወግዱ፣ ከዚያ ፌርማን ለጥቂት ዙር ሞክሩ።

ደረጃ 8፦ ለእጅ ከሚበዛ ቁጥር ጋር

ሃያና ሠላሳ አሃዝ ላይ ስትደርሱ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት። «ውሁድ ነው ወይ?» እና «አካፋዮቹ ማን ናቸው?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው በጣም ቀላል፣ ሁለተኛው በጣም ከባድ ነው።

የመጀመሪያውን በ91 ላይ ላሳያችሁ። በፌርማ ትንሹ ቴዎረም መሠረት 91 ብቸኛ ቢሆን ኖሮ፣ 2 አርቢው 90 ሆኖ ለ91 ሲካፈል 1 መትረፍ ነበረበት። 2¹² = 4,096 = 45 × 91 + 1። ስለዚህ 2¹² ባያችሁ ቁጥር በ1 ተኩት። 90 ማለት ሰባት ጊዜ 12 ሲደመር 6 ነው። የሚቀረው 2⁶ = 64 ነው። 1 አይደለም። ስለዚህ 91 ውሁድ ነው። 7 እና 13ን ሳናይ አወቅን።

ፈተናው ግን አንዳንዴ ይታለላል። 341ን በ2 ብትፈትሹት 2¹⁰ = 1,024 = 3 × 341 + 1 ስለሆነ 1 ይተርፋል፤ ብቸኛ ይመስላል። ነገር ግን 11 × 31 ነው። በ3 ብትፈትሹት 56 ይተርፋል፤ ይጋለጣል። 561 ደግሞ ከ3፣ ከ11 እና ከ17 ጋር የማይነካካ ማንኛውንም መነሻ (እዚህ እንደ 2 እና 3 የምንፈትሽበትን ቁጥር) ይዛችሁ ብትፈትሹት ያታልላል። ለዚህ ነው ዛሬ ኮምፒውተሮች ሚለር እና ራቢን ያጠነከሩትን ፈተና የሚጠቀሙት። ከ3,215,031,751 በታች ላለ ቁጥር በዚህ ፈተና 2፣ 3፣ 5 እና 7ን ብቻ መሞከር ይበቃል፤ መልሱ አይሳሳትም። በ2002 ደግሞ አግራዋል፣ ካያል እና ሳክሴና የተባሉ ሦስት ህንዳውያን ያለ ምንም ግምትና ዕድል ብቸኛነትን በፍጥነት የሚለይ ዘዴ እንዳለ አረጋገጡ።

ለሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን እንዲህ ያለ ፈጣን መንገድ ለተራ ኮምፒውተር አልተገኘም። 250 አሃዝ ያለው አርኤስኤ-250 የተባለው ቁጥር የተበተነው በ2020 ነው፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ተባብረው።

ልዩነቱን በደንብ የሚያሳየው 2⁶⁷ − 1 ነው። የሒሳብ ሊቁ ሉካስ በ1876 ውሁድ መሆኑን አረጋገጠ። አካፋዮቹን ግን አልነገረንም፤ ዘዴው አካፋይ አይሰጥም። ፍራንክ ኮል አካፋዮቹን ይዞ የቀረበው በ1903 ነበር፦

147,573,952,589,676,412,927 = 193,707,721 × 761,838,257,287

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ሙሉውን ማባዛት ባትችሉ እንኳ በ9 እና በ11 ፈትሹት።

በ9፦ የመጀመሪያው አካፋይ አሃዞች ድምር 37 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 1 ይተርፋል። የሁለተኛው 64 ነው፤ እሱም 1 ይተርፈዋል። 1 × 1 = 1። በሌላ በኩል 2⁶ = 64 ለ9 ሲካፈል 1 ስለሚተርፈው፣ 2⁶⁷ ልክ እንደ 2 ይቆጠራል። 1 ሲቀነስ 1። ገጠመ።

በ11፦ አሃዞቹን ከቀኝ ጀምራችሁ እየደመራችሁ እየቀነሳችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያው −13 ይሰጣል፤ 22 ስትጨምሩበት 9 ነው። ሁለተኛው 8 ይሰጣል። 9 × 8 = 72፤ ለ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል። በሌላ በኩል 2¹⁰ = 1,024 ለ11 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ስለዚህ 2⁶⁷ እንደ 2⁷ = 128 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 7። 1 ሲቀነስ 6። ይህም ገጠመ።